ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎችን ስናነጻጽር የምንስታቸው ነገሮች

«ጠመዝማዛው ቅርጽ ለማማር ነው»

ማማሩ ትርፍ ነው፤ ዋናው ጉዳይ ነፋስ ነው። ነፋስ ቀጥ ያለ ሕንፃ ሲመታ በግራና በቀኝ ጎኑ በየተራ አዙሪት እየፈጠረ ያልፋል፤ አዙሪቱም ሕንፃውን ወደ ጎን ይገፋዋል። ሕንፃው ከታች እስከ ላይ አንድ ዓይነት ስፋት ካለው ግፊቱ በሁሉም ፎቅ እኩል ይመጣል፤ የግፊቱ ምት ከሕንፃው የራሱ ውዝዋዜ ጋር ሲገጥም ነው ችግሩ። 632 ሜትር የሚረዝመው የሻንጋይ ታወር እየጠበበ 120 ዲግሪ የዞረው ይህን ምት ለመበተን ነው፤ በነፋስ ዋሻ (የሕንፃውን ትንሽ ሞዴል ነፋስ እየነፉ በሚፈትሹበት መተላለፊያ) ሙከራም የነፋሱ ጫና በ24 በመቶ ቀንሷል። የዱባዩ ቡርጅ ኸሊፋ ሳይጠመዘዝ ያንኑ አሳክቷል፦ ሦስት ክንፎቹ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር በየተራ ስለሚያጥሩ ነፋሱ አንድ ወጥ ስፋት አያገኝም።

«ጠንካራ ሕንፃ ንቅንቅ አይልም»

ይላል። መሐንዲሶች ብዙ ጊዜ ጫፉ ወደ ጎን እንዲሄድ የሚፈቅዱት የቁመቱን አንድ አምስት መቶኛ (1/500) ነው። በዚህ ስሌት 209 ሜትር ለሚሆነው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ጫፉ ላይ 42 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ሰውን የሚያዞረው ርቀቱ ሳይሆን የእንቅስቃሴው ድንገተኛነት ነው። ታይፔ 101 በተባለው የታይዋን ሕንፃ ውስጥ 660 ቶን የብረት ኳስ የተንጠለጠለው ውዝዋዜውን እንዲያበርድ ነው።

«በሜትር የበለጠ፣ በፎቅም ይበልጣል»

ቡርጅ ኸሊፋ 828 ሜትር ነው፤ ሰው የሚገለገልበት የመጨረሻው ፎቅ ግን 584 ሜትር ላይ ነው። ቀሪው ሹል ጫፍ ነው፤ ስለዚህ ሜትሩ ብቻውን የፎቁን ብዛት አይነግርም።

«የውጭው መስታወት ሕንፃውን ይሸከማል»

ይህ የመስታወት ግድግዳ (ከርተን ዎል) ከሶሌታው፣ ማለትም ከየፎቁ የኮንክሪት ወለል፣ ጫፍ ላይ በብረት የተንጠለጠለ ልብስ ነው፤ የራሱን ክብደት ተሸክሞ ነፋሱን ወደ ሶሌታው ያስተላልፋል፣ ከዚያ አያልፍም። ሶሌታ ሲጎብጥና አሉሚኒየም በሙቀት ሲለጠጥ የሚንቀሳቀስበት ክፍተት ካልተተወ መስታወቱ ይሰነጠቃል።

«አራቱንም ጎን አንድ ዓይነት መስታወት ማልበስ ዘመናዊነት ነው»

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ የቀትር ፀሐይ ወደ አናት ትጠጋለች፤ ለሰሜንና ለደቡብ ጎን ከመስኮቱ በላይ አጭር አግዳሚ ጥላ ይበቃል። ምሥራቅና ምዕራብ ግን ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በቀጥታ ስለምትገባ አግዳሚው አይረዳም፤ ቋሚ የጥላ ክንፍ (ከግድግዳው ወደ ውጭ የወጣ ሰሌዳ) ወይም ጠበብ ያለ መስኮት ይሻላል። የመስታወቱ ቅርጽም ችግር ያመጣል፦ ለንደን ውስጥ 20 ፌንቸርች ስትሪት የተባለው ሕንፃ ወደ ውስጥ የጎበጠ ፊቱ ፀሐይን ሰብስቦ በ2013 (እ.ኤ.አ.) መንገድ ላይ የቆመ መኪና ክፍሎችን አቅልጧል፤ በኋላ የጥላ ክንፍ ተገጠመለት።