ስለ ባሕር በየካፌው የሚወራው እና እውነታው

ከለገሃር እስከ ሜክሲኮ፣ ከመርካቶ እስከ ካዛንቺስ፣ አሁን አሁን ስለ ባሕር የማያወራ ሰው የለም። ደስ ይለኛል። የገቢና ወጪ ንግዳችን አብዛኛው የሚያልፈው በጂቡቲ ስለሆነ ጉዳዩ የሁላችንም ነው። የሚያሳስበኝ በየጠረጴዛው ተደጋግመው እንደ እውነት የተወሰዱ ስሕተቶች ናቸው።

"ዕቃ የሚወደደው የራሳችን ወደብ ስለሌለን ብቻ ነው"

ወደብ አለመኖር ያስከፍላል፤ ይሄ አይካድም። ግን እስቲ ግብፅን ተመልከቱ። በሁለት ባሕር ዳር ወደቦች አሏት፤ የስዊዝ ካናልም የሷ ነው። የየመን ታጣቂዎች የሆኑት ሁቲዎች ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የንግድ መርከቦችን ማጥቃት ሲጀምሩ ትልልቆቹ የመርከብ ድርጅቶች ቀይ ባሕርን ትተው በደቡብ አፍሪካ በኩል መዞር ያዙ። ከእስያ አውሮፓ የሚደረገው ጉዞ በ10 ቀናትና ከዚያ በላይ ረዘመ። እ.ኤ.አ. በ2024 የካናሉ ገቢ ከ60 በመቶ በላይ ወረደ። ባሕሩ ከታወከ የባሕር በር ያለውም አይተርፍም።

መርካቶ ላይ የምንከፍለው ዋጋ ውስጥ ብዙ ነገር አለ። የመርከብ ኪራይ፣ ኢንሹራንስ፣ የወደብ አገልግሎት፣ ከጂቡቲ የሚያመጣው የጭነት መኪና፣ ቀረጥ፣ የዶላር ምንዛሪ። ሰነድ ዘግይቶ ኮንቴይነሩ ከቆመ ደግሞ ዲመሬጅ፣ ማለትም የመዘግየት ክፍያ፣ በየቀኑ ይቆጥራል። ይህንን ትራንዚተሮች፣ ማለትም ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስወጡት፣ ከማንም በላይ ያውቁታል። ኤልሲ (ባንክ ለሻጩ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ሲጓተት፣ ጉምሩክ ላይ ወረፋ ሲበዛ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲጨናነቅ የሚመጣው ወጪ የእኛው አሠራር ወጪ ነው። እሱን ለማስተካከል የማንንም አገር ፈቃድ አንጠብቅም። ስለ ወደብ የምንጮኸውን ግማሽ ያህል እንኳ ስለዚህ ብንጮህ ምኞቴ ነበር።

"በአሰብ ብናስገባ ከሁቲዎች ሥጋት እንርቅ ነበር"

እዚህ ላይ ካርታ ማየት ግድ ነው። የቀይ ባሕር ደቡባዊ በር ባብ ኤል መንደብ ነው፤ በጠባቡ ቦታ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የጂቡቲ ወደብ ያለው ከዚህ በር ውጪ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ነው። አሰብ ደግሞ ከበሩ በስተሰሜን፣ ቀይ ባሕር ውስጥ ነው፤ ከማዶው የመን ናት። ከቻይና ወይም ከሕንድ የሚመጣ መርከብ ባብ ኤል መንደብን ሳያልፍ ጂቡቲ ይደርሳል። አሰብ ለመድረስ ግን ማለፍ አለበት። በስዊዝ በኩል ከአውሮፓ ለሚመጣው ነገሩ ይገለበጣል።

አሰብ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። አማራጭ ሲበዛ የመደራደር አቅምም ይጨምራል። ጂቡቲም ቢሆን ከአደጋው የራቀች አይደለችም። በየካቲት 2016 ትሩ ኮንፊደንስ የተባለችው መርከብ ተመትታ 3 መርከበኞች የሞቱት እዚያው ኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ ነው። ባሕር ላይ የሚያልቁት እንጀራ ፍለጋ የወጡ ሰዎች መሆናቸውን ባንረሳ ጥሩ ነው።

"ዓለም አቀፍ ሕግ የባሕር በር ይሰጠናል" እና "ሕጉ ለወደብ አልባ አገር ምንም የለውም"

ሁለቱም ልክ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት በአንቀጽ 125 ወደብ አልባ አገሮች ወደ ባሕር የመድረስና በጎረቤት አገር የመተላለፍ መብት እንዳላቸው ይናገራል። በሚተላለፈው ዕቃ ላይ ለተሰጠ አገልግሎት ከሚከፈለው በቀር ቀረጥና ግብር እንዳይጣልም ይከለክላል። ዝርዝሩን ግን ሁለቱ አገሮች ተስማምተው ይወስኑታል፤ የመሬቱም ባለቤት አይቀየርም። ስለዚህ ሕጉ ለድርድር ጠንካራ መነሻ ነው እንጂ መሬት የሚቆርስ አይደለም።

"ባሕር ከሌለን መርከብ ምን ያደርግልናል?"

ማንኛውም አገር፣ ወደብ ቢኖረውም ባይኖረውም፣ በራሱ ሰንደቅ ዓላማ መርከብ ማሰማራት ይችላል። ስዊዘርላንድም አድርጋዋለች። የእኛው የመርከብ ድርጅት ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ደግሞ መርከበኞች ይሠለጥናሉ።

"የባሕር ጸጥታ የጦር መርከብ ጉዳይ ነው"

ጂቡቲ ላይ የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የቻይና፣ የጃፓንና የጣሊያን ጦር ሰፍሯል። መርከቦች ግን እዚያው ደጃፍ ላይ ተመተዋል። የጦር መርከብ አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ከሶማሊያ ጠረፍ የተነሡትን የባሕር ወንበዴዎች ለመግታት ብዙ ረድቷል። ጉዳቱ ግን ሌላም መልክ አለው። ሩቢማር የተባለችው መርከብ ተመትታ ስትሰምጥ 21 ሺህ ቶን ገደማ ማዳበሪያ ይዛ ነበር። ያ ባሕር የዓሣ አጥማጆችም እንጀራ ነው። በዚያው ሰሞን ከባሕሩ ሥር የተዘረጉ የኢንተርኔት ኬብሎችም ተበጥሰዋል።

"ዕቃዬ ኢንሹራንስ አለው፣ ምን አገባኝ"

አስመጪ ከሆናችሁ ይቺን አትለፏት። በተለመደው የባሕር ጭነት ኢንሹራንስ ውስጥ የጦርነት አደጋ አይካተትም፤ ለብቻው ይገዛል፤ ሥጋት ሲጨምር ዋጋውም ይጨምራል። እሱም ቢሆን በአብዛኛው የሚሸፍነው ዕቃው መርከብ ላይ ሳለ ነው። ኤልሲ ከመክፈታችሁ በፊት ውሉ ላይ "የጦርነት አደጋ" የሚለው አንቀጽ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ።