«ግሉተን ፍሪ» ምንድን ነው?

«እንጀራ ግሉተን ፍሪ ነው» የሚለው አነጋገር ከምግብ ቤት ማውጫ እስከ ቲክቶክ ተዛምቷል። ልክ አይደለም። ግሉተን በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ግሉተን የሌለበት ጤፉ ነው፤ እንጀራው የሚወሰነው በአቦካኩና በአጋገሩ ነው።

ስሕተቱ ከቃሉ ይጀምራል። «ፍሪ» ብቻውን ሲቆም ነጻ ማለት ነው፤ ከስም ኋላ ተቀጥሎ ቅጽል ሲሆን ግን «የሌለበት» ይሆናል፦ ዱቲ ፍሪ ቀረጥ፣ ሹገር ፍሪ ስኳር የሌለበት። ቅጽሉ የሚገልጸው አፍ የሚገባውን ምግብ እንጂ የእህሉን ዘር አይደለም። የእኛው «የጾም» እንዲሁ ነው። ምስር የጾም ነው፤ ቅቤ የገባበት ምስር ወጥ ግን የፍስክ ነው። በዶሮ ወጥ ማማሰያ የተማሰለውንም የሚጾም ሰው አይበላውም። ሴሊያክ የሚባል ሕመም ያለበት ሰው የሚያስፈልገው ይኸው ጥንቃቄ ነው። ጾም የገደፈ ንስሐ ይገባል፤ የሴሊያክ ሕመምተኛ ግን ግሉተን ሲበላ የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ትንሹን አንጀቱን ያቆስለዋል።

መጠኑስ? የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ መሠረት ወሰኑ በአንድ ኪሎ ምግብ ከ20 ሚሊ ግራም በታች ግሉተን ነው። ይህን ያህል ግሉተን ሩብ ግራም ገደማ በሚሆን የስንዴ ዱቄት ውስጥ ይገኛል። አንድ የሻይ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት አሥር ኪሎ የሚያህል ሊጥ ያበላሻል።

አሁን የጋጋሪዎችን ሥራ እዩ። በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ጋጋሪዎች ጤፍ ስለሚወደድ ስንዴ ወይም ገብስ ይቀላቅላሉ። ሩዝ፣ በቆሎና ማሽላ ቢቀላቀሉ ችግር የለም፤ ገብስ ግን ስንዴ ባይሆንም ግሉተን አለበት። ጤፉ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ስንዴ የፈጨ ወፍጮ፣ ከጎረቤት የመጣ እርሾ፣ በደንብ ያልታጠበ ቡሃቃ ወይም ማሰሻ ይበክለዋል። እርሾውን ከጤፍ ዱቄትና ከውኃ ብቻ እንደ አዲስ መጣል ያስፈልጋል፤ ጥቂት ቀናት ይፈጃል እንጂ አይከብድም።

«ሊጡ ሲቦካ ግሉተኑ ይጠፋል» የሚል አስተያየት ሰጪም አለ። መቦካቱ ከፊሉን ይሰባብረዋል እንጂ አያጠፋውም። እንዲያውም ኤላይዛ የሚባለው የተለመደው የላቦራቶሪ ምርመራ የተሰባበረውን ፕሮቲን አሳንሶ ሊለካው ይችላል። ስለዚህ በቦካ ምግብ ላይ ዝቅተኛ ውጤት ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ከመቦካቱ በፊት ምን እንደገባበት መታወቅ አለበት።

ለስኳር ሕመምተኛ «ግሉተን ፍሪ ስለሆነ እንደልብህ ብላ» ማለትም አደጋ ነው። ግሉተን ፕሮቲን ነው፤ የደም ስኳርን ከፍ የሚያደርገው ስታርች ነው፤ ከ100 ግራም የጤፍ ዱቄት ደግሞ 70 ግራም ያህሉ ካርቦሃይድሬት ነው። ሴሊያክ አለብኝ ብሎ የሚጠረጥር ሰውም ከምርመራው በፊት ስንዴ አያቁም፤ የደም ምርመራው በሽታው እያለ የለም ሊል ይችላል።

ምግብ ቤት ገብታችሁ «የጤፍ ነው?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ «ሌላ ምን ዱቄት አለበት? እርሾው ከምን ተጣለ? ስንዴ የገባበት እንጀራ በዚሁ ምጣድ ይጋገራል?» በሉ።