«ሎው ቮልቴጅ» ምንድን ነው? ለምንስ የራሱ ቱቦ ይፈልጋል?

አክስቴ ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ አካባቢ ቤት ስታሠራ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው «እትዬ፣ የካሜራውን ገመድ ከመብራቱ ጋር በአንድ ኮንዲዩት (የሽቦ ቱቦ) ልስደደው፤ ግድግዳው ሁለቴ ለምን ይቦረቦራል?» አላት። ወጪ ቀነሰልኝ ብላ መረቀችው። ቤቱ አልቆ ካሜራው ሲበራ ግን ምስሉ ላይ መስመር ይንሸራተት ጀመር። ውሃ ወደ ሮቶ የሚገፋው ፓምፕ ሲነሳማ በር ላይ የቆመው ሰው ማን እንደሆነ አይለይም።

በሕንጻ ሥራ «ሎው ቮልቴጅ» የሚባሉት የኢንተርኔት፣ የካሜራ፣ የስልክ፣ የዲሽ ገመዶች ናቸው። ካሜራ ብዙ ጊዜ በ12 ቮልት ይሠራል። ሪሲቨር ወደ ዲሹ ራስ የሚልከው 13 ወይም 18 ቮልት ነው። ሶኬታችን ላይ ያለው ደግሞ 220። ግራ የሚያጋባው፣ በዓለም አቀፉ አመዳደብ ይሄ 220ም «ሎው» ውስጥ ነው የሚገባው፤ እስከ 1000 ቮልት ድረስ እንደዚያ ይባላል። የነካሜራና ዲሽ ቀጫጭን ገመዶች ትክክለኛ ስማቸው «ኤክስትራ ሎው» ነው። ከባለሙያ ጋር ስትነጋገሩ ስሙን ሳይሆን የቮልቱን ቁጥር ጠይቁ።

የምስሉ ነገር እንዲህ ነው። ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ ዙሪያውን መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። የኛ መብራት በሰከንድ 50 ዙር ስለሚመላለስ መስኩም አብሮት ይዋዥቃል፤ ጎኑ የተኛው ቀጭን ገመድ ይህን ይለቅማል። ጎን ለጎን የሚሄዱበት ርቀት በረዘመ ቁጥር ይብሳል። ኔትወርክ ኬብል ውስጡ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የተገመደው አንዱ ለዚህ ነው። ፋይበር ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ይሄ አይነካውም። ካሜራው ፓምፑ ሲነሳ ጭራሽ የሚጠፋ ከሆነ ግን ቱቦውን አትውቀሱ፤ ምናልባት ኃይል እየወረደ ነው።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላው ነው። የቀጭኑ ገመድ ሽፋን ብዙውን ጊዜ ለ220 የተሠራ አይደለም። ቱቦ ውስጥ ሲጎተት የመብራቱ ሽቦ ከተላጠና ከተነካኩ 220ው በካሜራው ገመድ አድርጎ ምስል መቅጃው ዕቃ ድረስ ይሄዳል። ዕቃው ቢቃጠል እዳው ገብስ ነው። ያንን ገመድ ልንሰካ በባዶ እጃችን እንይዘዋለን እኮ! የእንግሊዝ ደንብ ሁለቱን አንድ ላይ የሚፈቅደው የሁሉም ሽፋን ትልቁን ቮልቴጅ የሚችል ሲሆን፣ አለበለዚያም መሃላቸው ክፍልፋይ ሲኖር ነው። የአሜሪካው ኮድ ቱቦ ውስጥ ላልገቡት እንኳ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ይጠይቃል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለየብቻ ቱቦ፣ ወይም መሃሉ የተከፈለ ትራንኪንግ (ክዳን ያለው የሽቦ ቦይ)። መገናኘታቸው ግድ ከሆነ መስቀል ሠርተው ይለፉ እንጂ ጎን ለጎን አይሂዱ።

አክስቴ ቤት በኋላ የካሜራውን ገመድ አውጥተን በውጭ በኩል በትራንኪንግ ወሰድነው። መስመሩ ጠፋ። ስናወጣው የኤልቦው መታጠፊያ ላይ የነበረው የፌዝ (220 የሚያመጣው) ሽቦ ሽፋኑ ተፍቆ መዳቡ ሊታይ ምንም አልቀረውም።