«ቦልፓርክ ፊገር» ምንድን ነው? የመጣልህ ቁጥር አይደለም!

ጅማ ውስጥ ለቡና ነጋዴዎች የእንግሊዝኛ ደብዳቤ እጽፋለሁ። እንጀራዬ ነው። ሰሞኑን አንድ ሰው ለቢሮ ሠራተኞች እንግሊዝኛ ሲያስተምር «ቦልፓርክ ፊገር ማለት ዝም ብሎ የተጠራ ቁጥር ነው፤ ስትጠየቁ የመጣላችሁን በሉ» ሲል ሰማሁት። ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። ዛሬ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ቦልፓርክ የቤዝቦል፣ ማለትም ኳስ በዱላ የሚመታበት የአሜሪካኖች ጨዋታ፣ ሜዳ ነው፤ «ቦልፓርክ ፊገር» ደግሞ ወደ ልኩ የቀረበ ግምት ነው። አሜሪካኖች ከዚህ ጨዋታ ያልወሰዱት የቢሮ አነጋገር የለም ማለት ይቻላል።  

ሰው የሚስተው ሜዳው ላይ ነው። በአዋቂዎች ቤዝቦል ሯጩ ከሚቆምበት ማረፊያ (ቤዝ) እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት የትም ቢሄዱ 27.4 ሜትር ነው። የውጪው አጥር ግን እንደየከተማው ይለያያል። ቦስተን ላይ እ.ኤ.አ. በ1912 የተከፈተው ፌንዌይ ፓርክ በግራ በኩል 11 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ አለው። አብዛኞቹ ሜዳዎች እንዲህ ያለ ግንብ የላቸውም። ሜዳው ይስፋም ይጥበብ አጥር ግን አለው። ቁጥርህ «ቦልፓርኩ ውስጥ ነው» ሲሉህ፣ ልኩን ባትመታም ከአጥሩ አልወጣህም ማለታቸው ነው።

በሬ ጠፍቶህ አንዱን ብትጠይቀው «ማና ነው» አለህ እንበል፤ ማናም ጌራም የጅማ ወረዳዎች ናቸው። የቱ ዛፍ ስር እንደታሰረ አልነገረህም። ግን መንገድህን ታውቃለህ። በሬው ጌራ ከተገኘ ሰውየው ገመተ አይባልም፣ አሳሳተህ እንጂ። «ኦሮሚያ ውስጥ ነው» ቢልህ ደግሞ አልዋሸህም፤ ግን ምን ረባህ? አጥሩ ሲሰፋ ጥቅሙ ይጠፋል። ደግሞ በሬ ይሄዳል። የጠዋቱ ወሬ ለማታ ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ መቼ እንዳየው ጠይቀው።

አማርኛችን ለዚህ ጥሩ ቃል አለው፤ «በግርድፉ» እንላለን። ግርድፍ እህል ባይደቅም ወፍጮ ገብቷል። አስተማሪው ወንድሜ ያለው ግን «በዘፈቀደ» ነው። የሁለቱ ርቀት ገንዘብ ያስከፍላል።

ባለፈው ኅዳር አንድ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣ። 30,000 ኪሎ እሸት ቡና (ገና ያልተፈለፈለ ቀይ ፍሬ) ገዝቶ እያስፈለፈለ ነው። የውጭ ገዢ ምን ያህል የታጠበ ቡና እንደሚወጣው በቦልፓርክ ፊገር ጠይቆታል። ልጁ «10 ቶን» ብሎ ጽፏል። ሊልከው ጣቱ ስክሪኑ ላይ ነው።

«ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ቦልፓርክ ነው እኮ ያለው። ቁርጡን አልጠየቀኝም።»

ለአንድ ኪሎ የታጠበ ጥሬ ቡና ወደ ስድስት ኪሎ እሸት ያስፈልጋል። 30,000 ለስድስት ሲካፈል 5 ቶን ነው። ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ቢሆን ሒሳቡ ሌላ ነበር፤ እዚያ ገለባው ግማሽ ያህል ነው። እሸቱ ላይ ተንሳፋፊ (ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል ፍሬ) ከበዛ ደግሞ ስድስቱም አይበቃም። ይህ ሁሉ ተደምሮ ቁጥሩን ትንሽ ያወዛውዘዋል። እጥፍ አያደርገውም! 10 ቶን ሲያይ ገዢው «ይህ ሰው ቡና አያውቅም» ይላል። ካመነው ደግሞ የባሰ ነው። አንድ ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ 320 ጆንያ ይይዛል፤ 19.2 ቶን መሆኑ ነው። ግማሹን ከኛ ልጅ ቆጥሮ ቀሪውን ከሌላ ይፈልጋል። በመጨረሻ የኮንቴይነሩ ሩብ ባዶ ይቀራል።

በሌላ በኩል የሚፈሩም አሉ። ሚዛን ላይ ሳይወጣ አንናገርም ብለው ሁለት ሳምንት ዝም ይላሉ። ገዢው ሌላ ጋ ይሄዳል። ግርድፍ ቁጥር የሚጠየቀው እኮ ሚዛኑ ገና ሳይደርስ ነው።

ዋጋ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ቦልፓርክ ፊገር የመሸጫ ቃል አይደለም። ግን ይህን በጽሑፍ ካላሰፈርክ ገዢው እንደ ቃል ሊይዘው ይችላል። እኔ ሁልጊዜ አንድ መስመር እጨምራለሁ።

ከልጁ ጋር 10ሩን አጥፍተን እንዲህ ጻፍን፦ «ወደ 5 ቶን ገደማ። ከ4.5 አያንስም፣ ከ5.5 አይበልጥም። የሚመዘነው እርጥበቱ 11.5 በመቶ ሲደርስ ነው። ዋጋ ገና አልቆረጥንም።»