የሁምቦ የማኅበረሰብ ደን

የሁምቦ ደን በወላይታ ዞን፣ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መስመር ባለው በሁምቦ ወረዳ ይገኛል። የወረዳው ዋና ከተማ ጠበላ ነው። ደኑ 2,728 ሄክታር ተራራማ መሬት ይሸፍናል። ገና ወጣት ነው፤ ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ገደማ ነው።

የቀድሞው ታሪክ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ አብዛኛው ጫካ ተመንጥሮ አልቆ ነበር። የተረፈውን ማገዶ፣ ከሰልና ግጦሽ ጨረሱት። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ አፈሩን ይዞ ይወርድ ነበር።

ተራራውን በቡድን እየተጓዙ ለሚያዩ እንግዶች መጀመሪያ መታየት ያለበት ጉቶ ነው። ችግኝ ተከላ በለመድንበት አገር "ስንት ችግኝ ተተከለ?" ማለት ያለ ነው። እዚህ ግን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ደን የተተከለ አይደለም። ዛፉ ቢቆረጥም ሥሩ መሬት ውስጥ አልሞተም ነበር። ጉቶው በየዓመቱ ያቆጠቁጣል፤ ፍየል ይበላዋል፤ ለማገዶ ይለቀማል። ገበሬው ያደረገው ከብት እንዳይገባ ከልክሎ፣ ከአንዱ ጉቶ ጠንካራ ቀንበጦችን መርጦ ማስቀረትና ሌላውን መግረዝ ነው። ባዶ በቀረው ቦታ ብቻ ችግኝ ተተከለ። ዘዴውን ቶኒ ሪናዶ የተባለ አውስትራሊያዊ የግብርና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኒጀር ውስጥ አስፋፍቶታል። ሁምቦ ላይ ድጋፉን የሰጠው ወርልድ ቪዥን የተባለው የእርዳታ ድርጅት ነው። ላቡ ግን የገበሬው ነው።

መጀመሪያ ላይ ብዙው ሰው ተጠራጥሮ ነበር። "መንግሥት መሬታችንን ሊወስድ ነው" የሚል ስጋት ነበር፤ ያለምክንያት ነበር ማለትም አይቻልም። ነገሩን ያረጋጋው ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው የመጠቀም መብት ማግኘታቸው ነው። ሣር ማጨድና ከተገረዘው ቅርንጫፍ ማገዶ መውሰድ ይቻላል። ከብት መልቀቅ ግን አይቻልም። በከሰል ይተዳደር ለነበረው ይህ ቀላል አልነበረም።

ሁምቦን በዓለም ያሳወቀው ካርቦን ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009፣ በኪዮቶ የአየር ንብረት ስምምነት የንጹህ ልማት አሠራር (ሀብታም አገሮች በታዳጊ አገር የተቀነሰን ካርቦን ገዝተው ለራሳቸው ይቆጥሩበት በነበረው)፣ ከአፍሪካ የተመዘገበ የመጀመሪያው ትልቅ የደን ፕሮጀክት ሆነ። "ትልቅ" የምትለዋ ቃል አትውጣ፤ ኡጋንዳ ውስጥ አነስ ያለ አንድ ፕሮጀክት ጥቂት ወራት ቀድሞ ተመዝግቧል። ደኑ በ30 ዓመት 880,000 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስቀራል ተብሎ ተሰልቷል። ከዚህ ውስጥ 165,000 ቶኑን ለመግዛት የዓለም ባንክ ባዮካርበን ፈንድ ውል ገባ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከ73,000 ቶን በላይ መያዙን የሚያረጋግጥ የመጀመሪያው የምስክር ወረቀት ወጣ። ከሽያጩ የተገኘው ገንዘብ የማኅበራቱ ሆነ፤ ወፍጮና የእህል መጋዘንም ተሠርቶበታል።

የደረቁ ምንጮች ተመልሰዋል ይባላል፤ ሣር ያዝ ያደረገው አፈር ውኃ ስለሚያሰርግ ያስኬዳል። ዝናቡም ጨምሯል የሚሉ አሉ፤ እሱ እንኳ ይቆይ።

መንገዱ ዳገት ነው፤ በጠዋት መነሳት ይሻላል። ግራር፣ ወይራ፣ ዋንዛና ቢሳና እየታዩ ይወጣል። ከጫፍ ላይ ሲደረስ በደቡብ በኩል የስምጥ ሸለቆው ሜዳና የአባያ ሐይቅ ይታያሉ። ሐይቁ ሰማያዊ አይደለም፤ ቀይ ቡናማ ነው። ቀለሙን የሰጠው ከዙሪያው ተራሮች እየታጠበ የገባው አፈር ነው።