የተስማሚነት ምዘና ምንድን ነው? «ሰርተፋይድ» የተባለውስ ማን ነው?

ባለፈው ሰሞን ገላን በሚገኝ አንድ ፋብሪካ የግዥ ስብሰባ ላይ፣ የሥራ አመልካቾችን ማስረጃ አንብቦ የሚመርጥ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥርዓት ሊሸጡ የመጡ ባለሙያ «ምርታችን በአውሮፓ ሕግ ሰርተፋይድ ነው» አሉ። ይህን አነጋገር በየመድረኩ ደጋግሜ ሰምቼ አልፌዋለሁ፤ በዚያ ቀን ግን ወርቃማ ማኅተም ያለበት ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጉት ዝም ማለት አልቻልኩም። ወረቀቱ አይኤስኦ 42001 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ምስክር ወረቀት ነበር።

የተስማሚነት ምዘና፣ አስቀድሞ የተጻፈ መስፈርት መሟላቱን በማስረጃ ማረጋገጥ ነው። ከዚህ ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት «የተመዘነው ምንድን ነው?» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው አይኤስኦ 42001 የሚመዝነው አንድ ድርጅት ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚመራበትን አሠራር እንጂ የሚሸጠውን ሶፍትዌር አይደለም። ቃሊቲ አካባቢ መኪናውን ለዓመታዊ ምርመራ ያሰለፈ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ቦሎ የሚለጠፈው በመኪናው መስታወት ላይ እንጂ በጋራዡ በር ላይ አይደለም። የጋራዡ አሠራር ተመስክሮለት ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ የወጣው መኪና ፍሬን መያዝ አለመያዙን ግን ያ ምስክር ወረቀት አይነግረንም።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2024 የጸናው የአውሮፓ ኅብረት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ የሚፈልገው የመኪናውን ምርመራ ነው። ሕጉ ሠራተኛ ለመመልመል የሚያገለግሉ ሥርዓቶችን ከፍተኛ ስጋት ካለባቸው ወገን ይመድባል። አምራቹ ሥርዓቱን ለገበያ ከማቅረቡ በፊት የስጋት አስተዳደሩን፣ የመረጃውን ጥራት፣ የሰው ቁጥጥሩን፣ የውጤቱን ትክክለኛነትና የሳይበር ደኅንነቱን መዝኖ፣ ቴክኒካዊ ሰነድ አዘጋጅቶ፣ የተስማሚነት መግለጫ ፈርሞ፣ ምርቱ የኅብረቱን መስፈርት ያሟላል የሚለውን የሲኢ (CE) ምልክት እንዲያደርግበት ያዛል።

እንግዲህ አስተያየት ሰጪዎች ደጋግመው የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን የምልመላ ሥርዓት የሚመዝነው ራሱ አምራቹ ነው፤ «አውሮፓ» መርምሮ የሚሰጠው ሰርተፍኬት የለም። የውጭ መዛኝ የግድ የሚሆነው እንደ አንዳንድ የሕክምና መሣሪያዎች በሌላ ሕግም ምርመራ በሚጠየቅባቸው ምርቶች ላይ፣ ሰውን በፊቱ ወይም በአሻራው በሚለዩ የባዮሜትሪክ ሥርዓቶችም ላይ አምራቹ ኅብረቱ የተቀበላቸውን ደረጃዎች ሙሉ በሙሉ ካልተከተለ ነው። ባለመኪናው ራሱ መርምሮ ራሱ ቦሎ እንደሚለጥፍ ማለት ነው። ይህ ግን ምዘናውን ከንቱ አያደርገውም፤ የፈረመ ይጠየቃል፣ ሰነዱንም 10 ዓመት ማቆየት አለበት፣ ግዴታውን ከጣሰም ቅጣቱ እስከ 15 ሚሊዮን ዩሮ ወይም እስከ ዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢው 3 በመቶ ሊደርስ ይችላል።

ለምርመራ ቀን ጎማ ተውሶ ቦሎ ካገኘ በኋላ የተላጠ ጎማውን መልሶ የሚያስር ሾፌር እንዳለ ሁሉ፣ ከምዘና በኋላ የሚለወጥ ሶፍትዌርም አለ። ሕጉ ይህን አስቀድሞ አይቶታል፤ አምራቹ በመጀመሪያው ምዘና ካሳወቀው ለውጥ በቀር፣ ሥርዓቱ መሠረታዊ ለውጥ ከተደረገበት ምዘናው እንደገና ይካሄዳል። ሞተሩ የተቀየረ መኪና በድሮው ቦሎ አይሄድም።

ሙያዬ የሚዛን ልኬት ስለሆነ አንድ ነገር ሳልጨምር ማለፍ አልችልም። እስከ 50 ኪሎ የተፈተሸ ሚዛን 200 ኪሎ ሲጫንበት ምን እንደሚያሳይ ምስክር ወረቀቱ አይናገርም። በእንግሊዝኛ ማስረጃዎች የተፈተነ መራጭ ሥርዓትም ገላን ላይ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ የሥራ ልምድ ሲቀርብለት ምን እንደሚያደርግ አልተመዘነም። ሕጉ ራሱ ሥርዓቱ የሚሠለጥንበትና የሚፈተንበት መረጃ አገልግሎት የሚሰጥበትን አካባቢ ከግምት እንዲያስገባ ይጠይቃል፤ የታሰበለት አካባቢ ገላን ካልሆነ መግለጫው ለእኛ የሚነግረን ጥቂት ነው። በዚያ ላይ የኅብረቱ ሕግ የሚገዛው የኅብረቱን ገበያ ነው። ፋብሪካው የአመልካቾችን የግል መረጃ ሲይዝ የሚጠየቀው በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው፤ ከውጭ የመጣ ወረቀት ይህን ኃላፊነት አያነሳለትም።

በስብሰባው ላይ ባለሙያው በወረቀቱ ላይ «ወሰን» የሚለውን መስመር እንዲያነቡልን ጠየቅኋቸው። «የሶፍትዌር ልማትና የደንበኞች ድጋፍ» ይላል፤ የሚሸጡት ሥርዓት ስም የትም አልተጻፈም። ሥርዓቱን በስምና በመለያ የሚጠቅሰውን የተስማሚነት መግለጫ ስንጠይቃቸው እንደሚልኩልን ነገሩን፤ ፋብሪካውም እስኪደርሰው ድረስ ግዥውን አቆይቶታል።