ከመንበሩ የወረዱት ባሕታዊ

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ሰሞኑን አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ከልቤ አልወጣ ብለዋል። አባ ጴጥሮስ ዘሞሮኔ ይባላሉ። በጣልያን፣ በሱልሞና ከተማ አጠገብ ባለው የሞሮኔ ተራራ በጾምና በጸሎት የኖሩ ባሕታዊ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1292 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኒቆላዎስ 4ኛ ዐረፉ። ተተኪውን የሚመርጡት ካርዲናሎች መስማማት አቅቷቸው መንበሩ ከሁለት ዓመት በላይ ባዶውን ቆየ። በመጨረሻ በ1294 ሰማንያ ዓመት ገደማ የሆናቸውን ባሕታዊ መረጡ። እርሳቸውም በአህያ ተቀምጠው ላኩዊላ ከተማ ገቡ፤ ቸለስቲኖ 5ኛ ተብለውም ዘውድ ጫኑ።

ቅድስናቸውን ሕዝቡ ያውቃል። ሥራው ግን ሌላ ነገር ይጠይቅ ነበር። ለለመናቸው ሁሉ እሺ ይላሉ፤ አንዱን ሹመት ለሁለት ለሦስት ሰው እስከ መስጠት ደርሰዋል ይባላል። የኔፕልሱ ንጉሥ ካርሎስ 2ኛም ከጎናቸው አልራቀም። በአንድ ጊዜ ከሾሟቸው 12 ካርዲናሎች 7ቱ ፈረንሳውያን ነበሩ፤ ንጉሡም የፈረንሳይ ነገሥታት ዘር ነው። ሮም እንኳ ሳይገቡ ኔፕልስ ተቀመጡ። እዚያም በንጉሡ ግንብ ውስጥ ትንሽ የእንጨት በኣት አሠርተው ይጸልዩ ነበር። ይህቺ የእንጨት በኣት አንጀቴን ትበላኛለች። ሰውየው ተራራቸውን ናፍቀው ነበር።

በአምስት ወራቸው፣ ዲሴምበር 13 ቀን 1294፣ በካርዲናሎቹ ፊት መልቀቂያቸውን አነበቡ። የአካላቸውን ድካምና የእውቀታቸውን ማነስ ሳይደብቁ ተናገሩ።

ሸሹ የሚሏቸው አሉ። እኔ አልስማማም። በቁምስናችን አንድ የአገልግሎት ኃላፊነት ለዓመታት ይዤ ነበር። እንደማልችለው ካወቅሁ ቆይቻለሁ። «እግዚአብሔር የሰጠኝን እንዴት እተዋለሁ?» እል ነበር። አሁን ሳስበው የያዘኝ የኃላፊነቱ ክብር ነው። ዮቶር ሙሴን «ብቻህን አትችለውም» ሲለው ሙሴ አልተቆጣም፤ ሰማው እንጂ። አባ ጴጥሮስ ግን የሚነግራቸው ዮቶር ሳይጠብቁ በዓለም ፊት «አልቻልሁም» አሉ። እንዲህ ማለት ምን ያህል ጸሎት እንደሚጠይቅ የሞከረው ያውቀዋል።

ወደ ተራራቸው ተመልሰው በሰላም አልኖሩም። ተተኪያቸው ቦኒፋስ 8ኛ ቤተ ክርስቲያን እንዳትከፈል ሰግተው በፉሞኔ ግንብ አስቀመጧቸው። እዚያው በ1296 ዐረፉ። በ1313 ቤተ ክርስቲያን ቅድስናቸውን ስታውጅ ስማቸውን ቸለስቲኖ ብላ አልጠራችም። ጴጥሮስ ዘሞሮኔ አለቻቸው፤ በተራራው ስማቸው።